አልጋ ያላት መኪና በከረን መንገድ

ካምቢዮ፣ የማርሽ ሣጥኑ፣ ከመኪና ሆድ ሲወርድ ደረቱ ላይ ተቀብሎ የማያውቅ ሰው ስለ ክብደት አያውራኝ። እኔ ስቀበል ኖሬያለሁ። ጀርባዬን ሲሚንቶ ላይ አንጋልዬ፣ የተቃጠለ ዘይት ጆሮዬ ውስጥ እየገባ፣ "ያዝከው?" "ይዤዋለሁ፣ ልቀቀው!" ስባባል ነው ፀጉሬ የሸበተው። አሁን ጉልበቴ አልታዘዝም ስላለኝ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጆቼ "አሁን እንኳ እረፍ" ይሉኛል። ምን እረፍት አለ! አስመራ፣ ፓራዲዞ ሰፈር ያለው ቤታችን ከአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ነው፤ ሾፌሩ ማርሽ ሲያንኳኳ እኔን ጥርሴን ያመኛል። "ፍሪሲዮኑን ጨርሰህ ርገጥ እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ!" ብዬ በመስኮት ስጮህ ሚስቴ "ኧረ ሰው ይሰማሃል" ትለኛለች። ይስማኛ! እንዲሰማኝ አይደል የምጮኸው?

አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ጀመርኩት፣ ጋራዥ ውስጥ ከመሃል አገር ሾፌሮች ጋር እየተሰዳደብኩ ጨረስኩት፤ ስለዚህ አማርኛዬ የሚያምርበት ስቆጣ ነው። ዛሬ ግን ልቆጣ አልተቀመጥኩም። ልኮራ ነው። ጡረተኛ ካልኮራ ማን ይኮራል?

በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሦስት መንግሥት አሳልፌያለሁ፤ ግድግዳው ያው፣ ሰንደቅ ዓላማው ሌላ። የመጀመሪያው አለቃዬ ጣሊያን ነበር፤ መሬት የወደቀ ቡሎን ካየ ባለቤቱ እስኪገኝ ድረስ ማንም ምሳ አይወጣም። በደርግ ጊዜ የመጣው አለቃ ስብሰባ ይወድ ነበር። ሞተሩ ተፈትቶ ሜዳ ላይ እየጠበቀን እሱ ስለ ሥራ ፍቅር ያስተምረናል። ከነፃነት በኋላ የመጣው ደግሞ ታጋይ ነበር፣ ፕላስቲክ ጫማውን እንዳደረገ። ሳህል በረሃ ውስጥ ዛፍ ሥር መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ስለ ዕቃ እጥረት አቤቱታ ስናቀርብለት ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና "አምፖል አላችሁ፣ ክሪክ አላችሁ፣ ከላይ የሚደበድባችሁ አውሮፕላን የለም። ታዲያ ምን ጎደላችሁ?" አለን። ደሞዙንማ ተዉት፣ ሳይመጣ ያልቃል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ግን አለቆቹ አይደሉም፤ አቦይ ዘርኤ ናቸው። ባቡሩ በጦርነቱ ምክንያት ሲቆም ከባቡር ጥገና ወደ እኛ የመጡ፣ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ባርኔጣቸውን ለቅዳሴና ለካምቢዮ ብቻ የሚያወልቁ ሰው ነበሩ። ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ካምቢዮ ከወረደ በኋላ ሁላችንም ሻሂ ሳንጠጣ ተመልሶ አይወጣም። ብርጭቆ አስይዘውን ከመኪናው ሥር ያስቀምጡንና "ባዶውን ቦታ እዩት" ይሉናል። እናያለን። መጀመሪያ ነገሩ ቂልነት ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ግን ስንት የተሰነጠቀ ነገር፣ ስንት የሚያንጠባጥብ ነገር በዚያች ሻሂ ላይ አገኘሁ። ሁለተኛው ልማዳቸው ይብሳል። ቡሎኖቹን ሁሉ ሰብስበው ኪሳቸው ይከታሉ። ካምቢዮውን በእጃችን ብቻ ገፍተን ከሞተሩ ጋር ካላሳሳምነው አንዲት ቡሎን አይሰጡንም።

"ቡሎን ያጠብቃል እንጂ አይጎትትም" ይሉ ነበር። "በቡሎን ጎትታችሁ ያስገባችሁት ነገር ተጣልቶ ነው የገባው። ተጣልቶ የገባ ደግሞ ተጣልቶ ይወጣል።"

እርሳቸው ጡረታ ወጥተው ማይ ጭሆት ሰፈር ባለው ቤታቸው ሲቀመጡ ካምቢዮ የሚባል ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይላክ ጀመር። ስሜም "ተኽለ ካምቢዮ" ሆኖ ቀረ። በስሜ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

ያቺ መኪና የመጣችው ታጋዮቹ ከተማ ከገቡ ትንሽ ቆይቶ፣ ከስደት የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሞልቶት በነበረበት ጊዜ ነው። በገመድ ተጎትታ ጋራዣችን ገባች። የጀርመን ሥሪት ናት፣ አሮጌ፤ ከፊት የጭነት መኪና ናት፣ ከኋላ ግን ቤት ተሸክማለች። በር አላት፣ መስኮት ከነመጋረጃው፣ የግድግዳ ቁም ሣጥን፣ የጋዝ ምድጃ፣ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ሰፊ አልጋ። የጋራዡ ሰው ሥራውን ጥሎ ሊያያት ተሰበሰበ። አንዱ "ባለቤቷ ቤት ኪራይ አይከፍልም ማለት ነው!" አለና ሳቅን።

ባለቤቷ አልሳቀም። ዮሐንስ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ፣ ጀርመን አገር የቤት ቀለም ሲቀባ ኖሮ የተመለሰ። መኪናዋን በመርከብ ምጽዋ አውርዶ፣ ወደ አስመራ ሽቅብ ሲያወጣት የካምቢዮው ጥርሶች ረገፉ።

"ቆይ እንጂ" አልኩት፣ "እናያታለን። ምን ያስቸኩልሃል?"

"እናቴ" አለኝ። እንባው መጣ። ትልቅ ሰው ጋራዥ ውስጥ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ አደይ ለተብርሃን እዚሁ አስመራ፣ ጎዳይፍ ሰፈር ይኖራሉ። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ያለ አግባብ ስለገጠመ መቀመጥ አይችሉም፤ መተኛት ብቻ። አንዲት ታላቅ እህት አሏቸው፣ አደይ ምሕረት። በጦርነቱ መጀመሪያ ወደ ሱዳን ተሰደው፣ አሁን ገና ተመልሰው ከረን ባለው የባላቸው ቤት ገብተዋል። ከዚያ ሁሉ ዘመን ወዲህ እህትማማቾቹ አልተያዩም። አደይ ምሕረት ታመዋል፤ አስመራ እንውሰድዎ ሲባሉ "ስንከራተት ኖሬ ቤቴ ገባሁ፣ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የምወጣው ለቀብሬ ነው" ብለዋል። ስለዚህ ተኝተው መሄድ ያለባቸው አደይ ለተብርሃን ናቸው። አንዴ በፒክአፕ ላይ ፍራሽ ዘርግተው ሞክረው፣ ገና ከከተማ ሳይወጡ በሥቃይ ጮኸው ተመልሰዋል። ዮሐንስ ይህን ሰምቶ ነው አልጋ ያላትን መኪና የገዛው። እናቱን ለእህታቸው ሊያደርስ።

"ኣጆኻ" አልኩት፣ አይዞህ ማለቴ ነው። "አደርሳቸዋለሁ።" ቃል ከአፌ ወጣ።

ለዚያች መኪና የሚሆን ካምቢዮ አስመራ ውስጥ የለም። ካርቶን ላይ የሞተሩን ጀርባ የቡሎን ቀዳዳዎች አተምኩና፣ ካርቶኑን በብብቴ ይዤ ከከተማው ጫፍ የተቃጠሉ መኪናዎች ወደተከመሩበት ሜዳ ሄድኩ። ብረት ላይ ብረት፣ ታንክ ላይ ታንክ። እንደ ሌባ በየሆዳቸው ሥር ስሳብ ዋልኩ። በመጨረሻ የእርዳታ እህል ሲያመላልስ ፈንጂ ፊቱን የበላው መኪና አገኘሁ፤ የዚያችው መኪና የፋብሪካ ዘመድ። ካርቶኔን ካምቢዮው ላይ አስጠጋሁት፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ገጠመ! ብቻዬን "እልል!" ብዬ ጮህኩ፤ ዘበኛው አበድክ ወይ ብሎ መጣ። ያውም ይሄኛው ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ለዳገትና ለቁልቁለት የሚሆን አንድ ዝቅተኛ ማርሽ ተጨምሮለታል።

ዘመድ ግን መንታ አይደለም። ርዝመቱ ይበልጣል፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ አሳጠርኩት። የማርሽ ዱላው በሾፌሩ ወንበር ሥር ሊወጣ ሆነ፤ አግዬ አጎበጥኩት። ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ከካምቢዮው ወጥቶ ወደ ሞተሩ የሚገባ ዘንግ አለ፤ ጫፉ ሞተሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀለበት ላይ ያርፋል። ፍሪሲዮን ስትረግጥ ሞተሩ መዞሩን ይቀጥላል፣ ዘንጉ ይቆማል፤ ያቺ ቀለበት በመሃላቸው ሆና ታስታርቃቸዋለች። የአዲሱ ካምቢዮ ዘንግ ከቀዳዳው ስለሚቀጥን ወፈር ያለች ቀለበት በቶርኖ ማስቀረፅ ነበረብኝ።

ከምን ብረት? ያኔ መደበር በሚባለው የብረት ቀጥቃጮች ገበያ የማይሠራ ነገር አልነበረም። ከጥይት ሣጥን ምድጃ፣ ከጎማ ባልዲ፣ ከመድፍ ቀለህ መቅረዝ፣ ከመድፍ ቀለህ የአበባ ማስቀመጫ፣ ከመድፍ ቀለህ ምን የማይሠራ! ከተማው ሁሉ ጦርነቱን ቀጥቅጦ ዕቃ በማድረግ ሰክሮ ነበር፤ እኔም ሰክሬ ነበር። የአንድ ትልቅ ቀለህ መቀመጫ፣ ወፍራሙን ቢጫ ናስ፣ አምጥቼ አስቀረፅኩት። እንደ ወርቅ አበራ። "ለመግደል የመጣው ናስ እናትህን ይወስዳል" ብዬ ለዮሐንስ አሳየሁት፤ ሳመው። ገጠምነው። በጎዳይፍ መንገዶች ዞርን፣ እንደ ቅቤ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት አደይ ለተብርሃንን አልጋው ላይ አስተኛናቸው። ነጭ ልብስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ጎረቤት እልል እያለ ሸኘን። ዮሐንስ ከኋላ እናቱን ይዞ ተቀመጠ፣ እኔ መሪውን ያዝኩ። በከረን በር መውጫ ኬላ ላይ ታጋዮች ገመድ ዘርግተዋል። ፍሪሲዮን ረገጥኩ።

መኪናዋ አልለቀቀችም። እግሬ ወለሉን ነክቷል፣ ሞተሩ ግን ጎማውን መግፋቱን አላቆመም። ፍሬን ብይዝ ትታገለኛለች። ገመዱን በጠሰችው! ታጋዩ "ደው በል! ደው በል!" እያለ ዘለለ። ሞተሩ ጮኾ፣ ተንገጫግጮ ጠፋ፤ ከኋላ የአደይ ለተብርሃን ጩኸት ተከተለ። ግድግዳው ዳሌያቸውን መቷቸዋል።

በሩን ስከፍት ልጃቸው አቅፏቸዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። እኔን ሲያዩኝ "ምንም አይደል፣ ወደይ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "እግዚአብሔር ዛሬ አላለም ማለት ነው።" ምነው በሰደቡኝ! ድንጋይ የጫነ መኪና እየጎተተ ጎዳይፍ መለሰን፤ እልል ብለው የሸኙን ሰዎች ዝም ብለው ተቀበሉን። ያን ቀን ማታ ሚስቴ ራት ብታቀርብልኝ ሰሐኑን ገፋሁት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት የሰው ተስፋ ነው።

በዚያው ሳምንት ከከረን የመጣ የአውቶቡስ ሾፌር መልእክት አደረሰ። አደይ ምሕረት እህል ትተዋል። ቢለምኗቸው፣ ቢቆጧቸው አፋቸውን አይከፍቱም። ዮሐንስ ይህን ሲነግረኝ ካምቢዮውን አውርጄ፣ ቀለበቷን ከነዘንጉ በጨርቅ ጠቅልዬ ማይ ጭሆት ወጣሁ።

አቦይ ዘርኤ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አልገሠጹኝም። ቀለበቷ ዘንጉ ላይ ተጣብቃ አልላቀቅ ብላለች፤ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጓት፣ አሸተቷት፣ ወደ ፀሐይ አዞሯት።

"ቢጫ ናት" አሉ። "ይሄ ለመቅረዝ ጥሩ ነው። ሲግል ብረት ይነክሳል። አጭር መንገድ ስትሄዱ ቀዝቃዛ ስለነበረች ዝም አለች፤ ስትሞቅ ዘንጉን ጨበጠችው። ለዚህ ቦታ ነሐስ ነው፣ ቀላ ያለው።"

"ከየት ላምጣ አቦይ? ከተማውን አስሼዋለሁ።"

ተነሱና ወደ ቤታቸው በር ሄዱ። በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው የሚይዝ፣ አቧራ የጠጣ ከባድ ነገር መሬት ላይ አለ። አነሱት። የባቡር ፉርጎ ዘንግ የሚያርፍበት ኩሽኔታ ነው፤ ሐዲዱ ሲነቀል ይዘውት የቀሩት። ሸሚዛቸው ላይ ሲጠርጉት ውስጡ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሚስታቸው ከውስጥ "በሩንስ በምን ልንይዘው ነው?" ብለው ጮኹ።

"በድንጋይ!" አሉ አቦይ ዘርኤ። ባርኔጣቸውን አድርገው አብረውኝ መጡ።

ቶርኖው አጠገብ ራሳቸው ቆሙ። ቀለበቷን ከቀረፅን በኋላ በውስጧ ዘይት የሚሄድባት ቦይ አስቆፈሩ፤ የመጻፊያ እርሳስ ፍሬ አስፈጭተው ከግሪስ ጋር ለውሰው ቀቧት። ካምቢዮው ወርዶ ስለነበር ሻሂ መጣ፤ ዮሐንስንም ብርጭቆ አስይዘው ከመኪናዋ ሥር አስቀመጡት። "ባዶውን ቦታ እየው" አሉት። ምስኪኑ ልጅ ቤተ ክርስቲያን የገባ መስሎት ዝም ብሎ አየ።

ከዚያ ቡሎኖቹን ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ካምቢዮውን በክሪክ ከፍ አደረግን፤ እኔ ከሥር በደረቴ ደግፌዋለሁ፣ ዮሐንስ ከኋላ ይገፋል። ዘንጉ ፍሪሲዮኑን አለፈ። ትንሽ ቀረው። እንዲህ ያለ ጊዜ ነው መካኒክ ቡሎን የሚያምረው፤ ሁለት ቡሎን ቢሰጡኝ ጎትቼ እጨርሰው ነበር። እጄን ዘረጋሁ።

"ኣይፋል!" አሉ። በጭራሽ ማለታቸው ነው። "አወዛውዘው። ለምነው።"

በሆዴ እየረገምኩ አወዛወዝኩት። ወደ ግራ ጥቂት፣ ወደ ላይ ጥቂት። ድንገት ክብደቱ ከደረቴ ላይ ጠፋ፤ ሽልክ ብሎ ገባ። "ጭ" የምትል አንዲት ድምፅ ብቻ ሰማሁ፤ ብረት ብረትን ሳመ። በሕይወቴ ብዙ የሠርግ ዘፈን ሰምቻለሁ፣ እንደዚያች ድምፅ ግን ደስ ያለኝ የለም። አቦይ ዘርኤ ኪሳቸውን ገለበጡልኝ።

አሁንም ግን አላመኗትም። በአደይ ለተብርሃን ፋንታ ድንጋይ ጫንንባትና በነፋሲት ዳገት ሽቅብ ቁልቁል ነዳኋት፤ ሞተሩ እስኪግል፣ እኔን እስኪያልበኝ፣ መኪናዋ እንኳ እስክትሰለቸኝ። በቆምኩ ቁጥር ለቀቀች፣ በነካሁ ቁጥር ያዘች። አቦይ ዘርኤ ጎኔ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። በመጨረሻ "ሴትዮዋን አምጧት" አሉ።

አደይ ለተብርሃን እንደገና ነጭ ለበሱ። ጎረቤቱ ይሄኛውን ጊዜ እልል ለማለት ፈራ፤ በሆዱ ነው የሸኘን። ኬላው ላይ ያው ታጋይ ቆሟል። መኪናዋን ከሩቅ ሲያያት ገመዱን ራሱ አወረደና ገለል ብሎ ቆመ።

"ዛሬስ ትቆማለች?" አለኝ።

አጠገቡ አቆምኳት፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ጎማዋ ሳይነቃነቅ። "ቡና ጠጥተህ ብትመጣ እንኳ ትጠብቅሃለች" አልኩት። ሳቀና የመኪናዋን ጎን መታ መታ አደረገ።

ከዓዲ ተከሌዛን በኋላ ያለውን ቁልቁለት በዚያ በዝቅተኛው ማርሽ ወረድኩት፤ ፍሬን ብዙም ሳልነካ፣ ሞተሩ እየያዘልኝ። ጥይት የበሳቸው ድልድዮች፣ ግራና ቀኝ የተገለበጡ ታንኮች። ከኋላ ግድግዳውን እየመታሁ "አደይ፣ እንዴት ነው?" እላለሁ፤ "እወ፣ ንዳ!" ይሉኛል። ኤላበርዕድ ስንደርስ የሚዘፍኑ መሰለኝ።

ከረን ያለው ቤት በጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ ነው። አደይ ለተብርሃንን በዚያ በር ማስገባት እንደማይቻል ገና ሳየው አወቅሁ፤ ዳሌያቸው መታጠፍ የለበትም። ዮሐንስ ወደ ውስጥ ገብቶ አክስቱን አቅፎ ወጣ። አጥንት ብቻ ናቸው፣ ዓይናቸው ተከድኗል። መኪናዋ ውስጥ አስገብቶ ከእህታቸው ጎን አስተኛቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

አደይ ምሕረት ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ እህታቸው ዞሩ።

"ለተ... አረጀሽ" አሉ።

"አንቺስ? በመስታወት አላየሽም እንዴ?"

"ፀጉርሽ የት ሄደ?"

"ሱዳን ሄዶ አንቺን ሲፈልግ ቀረ።"

ከዚያ ወሬው አበቃና ልቅሶው ጀመረ፤ ፊት ለፊት ተያይዘው፣ እንደ ልጆች ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል! ጎረቤቱ እልልታውን አቀለጠው። ሰው እየበዛ መንገዱ ሲዘጋ አደይ ለተብርሃን "ከተማውን አዙረና" አሉኝ፤ አዞርኳቸው። ሕፃናቱ እየተከተሉን፣ ቀስ ብዬ፣ ማርሽ በማርሽ።

ተመልሰን በሩ ላይ ስቆም ዮሐንስ የኋላውን በር ከፈተና እጁን ለአክስቱ ዘረጋ። "ሓትኖይ፣ ይምጡ ላውርድዎ።"

"ማን እወርዳለሁ አለህ?" አሉት አደይ ምሕረት።

"ከቤቴ አልወጣም ብለው ነበር እኮ!"

"ከቤት ወደ ቤት ነው የምሄደው፤ ይሄም ቤት ነው። መጋረጃ አለው አይደል? ያኛውን ቆልፈው።"

ዮሐንስ ቆለፈና ወደ እኔ መጣ፤ ፊቱ ላይ ሳቅና ፍርሃት ተቀላቅሏል። "ዳገቱን ታወጣዋለች? ሁለት ሆነዋል እኮ" አለኝ።

"ሁለቱ ተደምረው አንድ ጆንያ እህል አይሞሉም" አልኩት። "ግባ።"

ወደ አስመራ ስንመለስ ከኤላበርዕድ ጀምሮ ዳገቱን በዝቅተኛው ማርሽ ተያያዝነው። እንደ ጭነት በቅሎ አንገቷን ደፍታ፣ ሳትቸኩል፣ ሳትለግም ወጣችው። ሽቅቡ ሲያልቅ ሞተሩ እንዲበርድ ዳር አቆምኳትና፣ ደህና መሆናቸውን ላይ ብዬ የኋላውን በር ቀስ ብዬ ከፈትኩ። አደይ ለተብርሃን ከአስመራ በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡት ሕምባሻ ተፈትቷል። አደይ ምሕረት እንደተኙ ትልቁን ቁራሽ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፍርፋሪው ደረታቸው ላይ እየወረደ ያኝካሉ።

"ምን ታያለህ?" አሉኝ አፋቸው እንደሞላ። "ንዳ!"